ስካነር ሌባሻይ አይደለም

ነሐሴ ነበር። ከጣና የተነሳው ደመና ሌሊቱን ሙሉ ባሕር ዳር ላይ ሲወርድ አድሮ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪናዬ ክላክሷን ለቀቀችው። ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው። ጃንጥላ ይዤ ስወጣ በሮቿ ቀጭ ቀጭ እያሉ ራሳቸውን ይቆልፋሉ፣ መልሰው ይከፍታሉ፤ ፍሬቻዎቿ አራቱም ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ጎረቤቴ እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ጸበል ብትወስዳት አይሻልም?» አሉኝ። ለካ ያሳበዳት ውሃ ኖሯል። ያንን ያወቅሁት ግን ሁለት ጊዜ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ኤሌክትሪሻኑ ስካነሩን ሰካ፣ ሦስት ደቂቃ ስክሪኑን አየ፣ «ቢሲኤሙ ሞቷል» አለ። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ተፈልጎ በአውቶቡስ መጣ፤ ተገጠመ፤ ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። መስከረም ጠብቶ አንድ ዶፍ ሲጥል ክላክሱ እንደገና ጮኸ። ሁለተኛው ባለሙያ ገና ወጣት ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስካነሩን ከሣጥኑ አላወጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው ጋራዥ ውስጥ ቆሜ የኤሌክትሪሻን እጅ ማየት ልማዴ ሆነ፤ ጥሩውን ከደካማው የምለይበትን ያገኘሁት እዚያ ቆሜ ነው።

ቢሲኤም፣ ሲዘረዘር ቦዲ ኮንትሮል ሞጁል፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳሽቦርድ ሥር ከፊውዝ ሣጥኑ አጠገብ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ነው። መብራቱን፣ የበር ቁልፉን፣ ክላክሱን፣ በብዙ መኪኖች የዝናብ መጥረጊያውንና የመስኮቱን ሥራ የሚያዝ እሱ ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያን የወረስነው ነው፤ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ማሳ እንላለን። ይህ ሣጥን ግን ጣሊያኖቹ ከሄዱ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለመጣ እንደነሱ ያለ ስም አላገኘም፤ አንዱ «ቢሲኤም» ይለዋል፣ ሌላው «የቦዲ ኮምፒውተር»፣ አብዛኛው ባለመኪና ደግሞ «ያ ሣጥን» ብሎ ያልፋል። በድሮዋ መኪና ማብሪያው ሲጫን ኤሌክትሪኩ በሽቦው ቀጥ ብሎ አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል። አሁን ማብሪያው የሚያደርገው መጠየቅ ብቻ ነው፤ የሚፈቅደው ሣጥኑ ነው። ሣጥኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ ካን የተባለው የሁለት ሽቦ መስመር የቦሽ ሥራ ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት ላይ ለዓለም ቀረበ።

በዱሮ ዘመን ንብረት ሲሰረቅ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ስካነርን እንዲህ የሚጠቀም ባለሙያ ሞልቷል። ስክሪኑ ላይ ዩ0140 የሚል ኮድ ይወጣል፤ ትርጉሙ «ቢሲኤሙን መስማት አልቻልንም» ነው። ይህን ያሉት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ናቸው። የማይሰማው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ማሳው (ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ላልቶ፣ ሶኬቱ ዝጎ ወይም የመገናኛው ሽቦ ተቆርጦም ሊሆን ይችላል። ኮዱ የምስክር ቃል ነው፤ ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አለበት።

የጥሩ ኤሌክትሪሻን የመጀመሪያ ምልክት ጥያቄው ነው። «መቼ ጀመራት? ከዝናብ በኋላ ነው ወይስ ከታጠበች በኋላ? ባትሪ ሞቶ ከሌላ መኪና አስነስተዋት ያውቃሉ? ቴፕ ወይም አላርም ያስገጠሙት መቼ ነው?» ይላል። የመጨረሻዋን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመኝ ልቤ ይከፈታል። በሰው እጅ ከተጨመረ አላርም ሥር የማይገኝ ጉድ የለም፤ ሽቦው ተልጦ፣ ተጠማዞ፣ ናስትሮ ተጠቅልሎበት፣ ሙቀት ሙጫውን ሲያቀልጠው ናስትሮው ተፈቶ ይገኛል።

ቀጥሎ ባትሪ። ያደረች መኪና ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ሞተር ሲነሳ ዲናሞው በአብዛኛው ወደ 14 ያደርሰዋል። ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፒውተሮች ይዘባርቃሉ፤ ያልሆነ ኮድ ይጽፋሉ። ይህን ሳይለካ ስለ ሣጥን የሚያወራውን ሰው አመስግኖ ቁልፍን መቀበል ነው።

ብዙ የሚያስተምረው ግን ማሳ የሚፈተሽበት መንገድ ነው፤ እጅ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ደካማው ሽቦውን ነቅሎ በኦም ይለካል፤ ዜሮ ያያል፤ «ማሳው ደህና ነው» ይላል። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ሽቦ አንድ ክር ብቻ ቀርቶትም በኦም ዜሮ ያሳያል፤ ሥራ ሲመጣ ግን ያችው አንዷ ክር ሸክሙን አትችልም። ጥሩው ምንም ሳይነቅል፣ መብራቱን ሁሉ አብርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሣጥኑ ማሳ ላይ ያደርጋል። ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበበ መንገዱ ላይ የሆነ ነገር እየበላ ነውና ያንን ይከተላል። እንዲህ የሚለካ ሰው ካገኙ ወንበር ስበው ይቀመጡ።

ሽቦን በመርፌ የሚወጋውን ግን አልወደውም። በደረቅ አገር ይቅር ይባል ይሆናል፤ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት በሚያድርበት ከተማ ያች ቀዳዳ ለከርሞ አረንጓዴ ዝገት ታፈራለች። የተማረ እጅ ከሶኬቱ ጀርባ በቀጭን ጫፍ ይገባል፤ የወጋው ካለም ይደፍነዋል። አምፖል ያለውን የድሮ ቴስተርም ኮምፒውተር መስመር ላይ አያስጠጋም፤ አምፖሉ የሚስበው ኃይል ለመብራት ሽቦ እንጂ ለስስ ሰርኪት አይሆንም።

የመገናኛውን መስመር መፈተሽ አጭር ነው። ባትሪው ተነቅሎ፣ ስካነር ከሚሰካበት ባለ16 ቀዳዳ ሶኬት 6ኛውና 14ኛው መካከል ይለካል። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ባለ120 ኦም መቋቋሚያዎች ጎን ለጎን (በትይዩ) ስለተያያዙ በብዙ መኪኖች ላይ 60 ኦም ገደማ መገኘት አለበት። 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስካነሩ የሚያስፈልገው፤ ኮድ ለማንበብ ብቻ ደግሞ አይደለም። በሩን ይከፍታል፤ ሣጥኑ «በሩ ተከፍቷል» ብሎ ማየቱን በስክሪኑ ያረጋግጣል። ከዚያ ክላክሱን በስካነር ያዝዛል። ኃይሉ ደርሶ፣ ማሳው ጠንክሮ፣ ጥያቄው ገብቶ፣ ትእዛዙ ግን በሣጥኑ መውጫ ላይ ካልወጣ፣ ያኔ ሣጥኑን መወንጀል ይቻላል።

የእኔዋ እዚያ ድረስ አልሄደችም። ወጣቱ በነጂው በኩል የወለሉን ምንጣፍ አንስቶ ሥሩ ያለውን ስፖንጅ ጨመቀው፤ ውሃ ተንጠባጠበ። አሽትቶ «ጋሼ፣ ይሄ የዛሬ ውሃ አይደለም» አለኝ። ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን የውሃ መውረጃ አየ፤ ቅጠልና ጭቃ ደፍኖታል። መውጫ ያጣው ውሃ ሽቦው በሚያልፍበት ጎማ በኩል ገብቶ፣ ሽቦውን እንደ ቦይ ተከትሎ፣ ሣጥኑ ሶኬት ላይ ሲንጠባጠብ ከርሟል። ሶኬቱ ሲነቀል ፒኖቹ አረንጓዴ ለብሰዋል። «አሮጌው ሣጥን አለ?» አለኝ። እንደ ዕድል ቤት አስቀምጬው ነበር። ሶኬቱን አጽድቶ አሮጌውን ሲሰካው ሠራ።

ከሐይቁ ምሥራቅ በሐሙሲትና በወረታ የሚመላለሱ መኪኖች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ይጥለቀለቃል፤ ውሃ የተሻገረች መኪና ጭቃዋን ሶኬት ውስጥ ይዛ ትመጣለች። የራሰ ሣጥን ሩዝ ውስጥ ቀብሮ ማድረቅን ከስልክ የተማሩ አሉ። የፎገራ ሩዝ ለማዕድ ይሻላል፤ እርጥበቱ ቢወጣ እንኳ ጭቃውና ዝገቱ እዚያው ናቸው። ሣጥኑ ተከፍቶ፣ በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ፣ በማጉያ መታየት አለበት።

ሣጥኑ በእርግጥ ሞቶ ሲቀየርስ? ጥሩው ባለሙያ ከመንቀሉ በፊት በአሮጌው ውስጥ የተጻፈውን አንብቦ ያስቀምጣል። የዕቃ ቁጥሩን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ያመሳስላል፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚገኝ አንድ ዓይነት የሚመስል ሣጥን የሌላ መኪና መለያና ቅንብር ተሸክሞ ሊመጣ ይችላልና። «ያለዎትን ቁልፍ ሁሉ ይዘው ይምጡ» ይላል፤ በአንዳንድ መኪና ቁልፉም ከአዲሱ ሣጥን ጋር እንደገና መተዋወቅ አለበት። ባትሪውን ነቅሎ በችኮላ ዳሽቦርድ ሥር አይገባም፤ ኤርባጉ ኃይሉን እስኪያራግፍ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። ፕሮግራም ሲጭን ደግሞ ቮልቴጁ እንዳይወርድ ደጋፊ ያዘጋጃል፤ መብራት ድንገት ቢሄድ የሚሆነውንም አስቀድሞ ያስባል። ጽሕፈቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ አዲሱም ሣጥን ሊሞት ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ ያልተነካውንም ይፈትሻል፦ እያንዳንዱን በር፣ እያንዳንዱን ፍሬቻ፣ የፍሬኑን መብራት። ከዚያ መኪናዋን ቆልፎ እንድትተኛ ይተዋታል። ኮምፒውተሮቹ እስኪያንቀላፉ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፤ ቸኩሎ የሚለካው ብዙ ፍሰት አይቶ ይደነግጣል። የተኛች መኪና ከባትሪ የምትስበው በብዛት ከ50 ሚሊ አምፒየር በታች ነው። በመጨረሻ የጎማ ቧንቧ ይዞ የፊት መስታወቱን ያጥባል፤ ይህን ያደረገ አንድ ሰው ብቻ አይቻለሁ።

ባሕር ዳር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊቴክኒክ ከተቋቋመላት ጊዜ አንሥቶ፣ ቴክኒክ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፊኬት ብርቅ አይደለም። እኔ ከሰርተፊኬቱ ይልቅ የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ ክሊፖች እቆጥራለሁ። አንድ ክሊፕ የጎደለበት ሥራ ሌላም የጎደለው ነገር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪኮቹ ሲበዙ፣ «ባትሪዋ ትልቅ ነው» ብሎ ትንሿን ባለ12 ቮልት ባትሪ የሚረሳውንም አያለሁ። የበሩንና የመብራቱን ሣጥን የምትመግበው እዚያም ያችው ትንሿ ናት።

ጥፋቱ የእኛም ነው። ዕቃ ካልተቀየረ ገንዘብ መክፈል ያንገበግበናል፤ ሣጥን ለገጠመው ሺዎችን ቆጥረን፣ ቅጠል ላወጣው «ምን ሠራህና?» እንላለን። ወጣቱ የጠየቀኝ ዋጋ ከሣጥኑ ጋር ሲተያይ የሻይ ነበር። ጨምሬ ሰጠሁት፤ ትርፉን መለሰልኝ።

አሁን በየዓመቱ ግንቦት ማብቂያ ላይ ኮፈኑን ከፍቼ ቅጠሉን በእጄ እጠርጋለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሣጥን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ጤነኛ ነው፤ እስካሁን ገዢ አላገኘሁለትም።