በመሥራት ማወቅና የአራሚው ጆሮ

የጥንት ሰዎችን እምነትና ሥርዐት ለመመርመር የሚነሣ ሊቅ መሣሪያው ለብዙ ጊዜ መጽሐፍና ጥያቄ ብቻ ነበር። ያነባል፤ ይጠይቃል፤ የሰማውን ይጽፋል። ይህ አይበቃም የሚሉ ግን ከተነሡ ቆይተዋል። ሥርዐት የሚታወቀው በእጅ ሲሠራ፣ በአፍ ሲዜም፣ በእግር ሲረገጥ ነውና መርማሪው ራሱ ገብቶ ይሥራው ይላሉ። አሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይታለፋል፤ ይኸውም ሠሪው በተሳሳተ ጊዜ ተሳስተሃል የሚለው ማን ነው? የሚል ነው። ከዚህ በታች አንዱ ከሰሜን አውሮጳ፣ አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከጋይንት የሆኑ ሦስት ምሳሌዎች በዚሁ ጥያቄ ይመዘናሉ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አይስላንድ ክርስትናን የተቀበለችው በ1000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለ ኦዲንና ስለ ቶር፣ ስለ ሌሎቹም የሰሜን አማልክት የሚተርከውን ኤዳ የተባለውን መጽሐፍ ስኖሪ ስቱርሉሶን የጻፈው ግን በ1220 ገደማ ነው። በአምልኮቱና በመጽሐፉ መካከል ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለ። ጸሐፊውም ክርስቲያን ነበረ፤ ዓላማውም የባለቅኔዎችን ጥበብ ማስተማር እንጂ መሥዋዕት እንዴት እንደሚቀርብ ማሳየት አልነበረም። በ1972 ስቬንብዮርን ቤይንተይንሶን የተባለ ገበሬና ባለቅኔ ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ የጥንቱን አምልኮ እንደ ገና ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ለማኅበሩ ዕውቅና ሰጠ። ይህ እንደ እምነት የሚነቀፍ አይደለም፤ ሰው የመረጠውን ያመልካል። የጥንቱን ሥርዐት በመሥራት አወቅነው የሚል ሰው ቢነሣ ግን ማስረጃው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዴንማርክ አገር በሌይረ ከ1964 ጀምሮ የብረት ዘመን ቤቶችን በጥንቱ አሠራር እየሠሩ የሚመረምሩበት ስፍራ አለ። በዚያ ሥራ ላይ አራሚ አይታጣም። ጣራው ካፈሰሰ፣ ምሰሶው ከዘመመ፣ ጢሱ መውጫ ካጣ ሠሪው መሳሳቱን ዝናቡና ነፋሱ ይነግሩታል። ለኦዲን የተነሣ ጽዋ ግን በትክክል ይነሣ ወይም በስሕተት የሚመሰክር የለም። የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኗቸዋልና።

የጎንደሩ ምሳሌ ከዚህ ይለያል፤ ሥርዐቱ በሕይወት ነበረና። በማርሴል ግርዮል መሪነት ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ያቋረጠው የፈረንሳይ ጓድ በ1932 ከክረምት ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጎንደር ሰነበተ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ መልካም አያሁ ከምትባለው የዛር ባለሟል ቤት እየተመላለሰ ሥርዐቱን ተመለከተ፤ በጓዱ ገንዘብ እንስሳት ተገዝተው ታርደውለታል። የዕለት ማስታወሻውን በ1934፣ ስለ ዛር ያደረገውን ጥናት ደግሞ በ1958 አሳተመ። በኋለኛው መጽሐፉ ዛር የያዘው ሰው የሚያሳየው ሁኔታ ተራ ማስመሰል እንዳይደለ፣ ከሰውዬው ኑሮ ጋር የተዋሐደ ቲያትር እንደ ሆነ አስረድቷል። ይህ አስተያየት እስከ ዛሬ ዋጋውን አላጣም።

የሌሪስ መልካምነት እውነቱን አለመሸሸጉ ነው። ስለ ገንዘቡ ጽፏል፤ ስለ ጥርጣሬውም፣ ከሥርዐቱ ውስጥ ለመግባት ፈልጎ ከደጅ ስለ መቅረቱም ጽፏል። የደጁ ቁልፍ ግን የት እንደ ነበረ በሚገባ አልመረመረም። መልካም አያሁ አራሚ መሆን ትችል ነበር፤ የምትናገረውን ግን በአማርኛ ሰምቶ የሚረዳው እርሱ ሳይሆን አስተርጓሚውና ረዳቱ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ከባለዛሮቹ አፍ የወጣውን ቃል በዚያው በስፍራው በደብተራቸው የመዘገቡትም እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ አካሉ ከሥርዐቱ ቢገባም ጆሮው ከውጭ ቀርቷል ማለት ነው። በወራት ውስጥ የታረደ እንስሳ፣ በባለሟሏ እጅ ለዓመታት የሚፈጸመውን ለውጥ ሊተካ አይችልም። በዚያው ወራት ጓዱ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ በአዲስ ቅጂ ተክቷል፤ ጥንታውያኑ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ሥዕሉን የነካ እጅ ሁሉ የሥዕሉን ሥርዐት አወቀ እንዳይባል ይህ ብቻውን በቂ ምስክር ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ያለው በጋይንት ነው። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት፤ ስሟ የገበያዋን ዕለት ይናገራል። በገበያ እህል የሚሰፍር ሰው ብቻውን አይሰፍርም፤ ቁናው መሙላቱን ገዢው ቆሞ ያያል። በዚሁ በጋይንት ምድር የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምንጭ የሆነችው ዙር አምባ የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ነው። ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ምልክቱን ከቃሉ በላይ ያሰፍራል፤ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን በድምፁ ያዜማል። መምህሩ በጆሮው ይከተለዋል፤ ስሕተት ሲሰማ ያቆመዋል፤ ተማሪውም ይደግማል። በሌላ ደብር የተማረ እንኳ ለመመስከር ወደ ቤተልሔም ይመጣል። እዚህ መሥራትና ማወቅ የተለያዩ አይደሉም፤ በመካከላቸው የሚያርም ጆሮ አለና።

ይህ ማለት ግን የዛሬው ዜማ ያለ አንዳች ለውጥ የስድስተኛው መቶ ዓመት የቅዱስ ያሬድ ድምፅ ነው ማለት አይደለም። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ትውፊቱ ራሱ ይናገራል፤ የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር ዜማም እርስ በርሱ ይለያያል። አራሚ ያለበት ሥርዐትም ይለወጣል። ነገር ግን ለውጡ ተጠያቂ አለው፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ይታወቃል። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ክፍል ባወጡት ሥራ የብራናውን ምልክትና የዘማሪውን ድምፅ ጎን ለጎን ለመመርመር የቻሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። በመሥራት የሚመረምር ሊቅ ምን ያህል ሠራ ተብሎ ሳይሆን በማን ታረመ ተብሎ ይመዘን። እንዲህ ከሆነ የቤተልሔም ምሩቅ መረጃ ሰጪ ተብሎ ስሙ በኅዳግ የሚጻፍ ሰው አይሆንም፤ የመርማሪው ዳኛ ይሆናል። ብራናን በሣጥን ማኖር፣ ድምፅን በመቅረጫ መያዝ መልካም ነው፤ ሁለቱም ግን አያርሙም። የመምህሩ ወንበር ተተኪ ሲያጣ ድጓው በመጽሐፍነቱ ይኖር ይሆናል፤ የሚያዜመው ሰው ግን አይስላንዳዊው ከኤዳ ፊት በቆመበት ስፍራ ይቆማል፤ መጽሐፉን ይዞ፣ ተሳስተሃል የሚለው አጥቶ።