መልሕቅ ያነሣ ሰው፦ ስለ «በራሪው ሆላንዳዊ» ፍጻሜ

በዴን ሃግ ዳርቻ፣ ስኸቨኒንገን ከሚባለው የባሕር ጠረፍ ቆሞ ወደ ሮተርዳም ለመግባት ተራ የሚጠብቁ መርከቦችን ያየ ስደተኛ «የበራሪው ሆላንዳዊ» አፈ ታሪክ ባዕድ አይሆንበትም። የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ፣ እስከ ምጽአት ቀን ቢፈጅብኝም፣ ዞሬ ሳላልፍ አልመለስም ብሎ የማለ የመርከብ አዛዥ በገዛ መሐላው ተይዞ ዘላለም ይንከራተታል።

ገጣሚው ሃይንሪሽ ሃይነ እ.ኤ.አ. በ1834 ባሳተመው ልብ ወለድ ይህን ታሪክ አምስተርዳም ውስጥ በቲያትር ያሳየናል። ተራኪው ግን አንዲት ኮረዳ ተከትሎ ከመሐል ይወጣና የሚመለሰው ለመጨረሻው ትዕይንት ነው። ተቅበዝባዡ በየሰባት ዓመቱ ወደ የብስ ይወጣል፤ እስከ ሞት የምትታመን ሴት ካገኘ ይድናል። ሃይነ ለሴቶች የሚሰጠው ምክር እንዲህ ያለውን ሰው ከማግባት ተጠንቀቁ የሚል ፌዝ ነው። ሪቻርድ ቫግነር ፌዙን ትቶ ድኅነቱን ወሰደ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1843 በድሬስደን በታየው ኦፔራ ዜንታ ራሷን ወደ ባሕር ትወረውራለች፤ መርከቡ ይሰጥማል፤ ሁለቱም ወደ ሰማይ ያርጋሉ። ቫግነር በ1860 ተመልሶ መደምደሚያውን በበገና ድምፅ የታጀበ የድኅነት ዜማ አለሰለሰው።

ይህ ፍጻሜ ለእኔ አይዋጥልኝም። በተአምረ ማርያም ያደግን ሰዎች በላዔ ሰብእን እናውቃለን። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው በሚዛን ላይ የዳነው በድንግል ስም ለለመነው በሽተኛ ራሱ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው፤ ሌላ ሰው አልሞተለትም። ሆላንዳዊው ግን ምን ሰጠ? ለዜንታ አባት ሣጥን ሙሉ ሀብት አሳይቶ ልጁን ጠየቀ፤ ይህ ስጦታ ሳይሆን ንግድ ነው።

ሆኖም ብዙዎች ቸኩለው የሚያልፉት ቦታ አለ። ዜንታ ከቀድሞ ወዳጇ ከኤሪክ ጋር ስትነጋገር ሰምቶ የተከዳ ይመስለዋል። መሐላ አፍርሰው በእርሱ ምክንያት የተኮነኑ ሴቶች ቍጥር የላቸውም። እርሷ ግን በእግዚአብሔር ፊት ገና አልማለችምና ልትድን ትችላለች። ማንነቱን ይነግራታል፤ መልሕቅ አንሡ ብሎ ወደማያልቀው ዙር ይመለሳል። ጥርኙ ውሃ ይህ ነው። ሰባት ዓመት የጠበቀውን ወደብ እርሷ እንዳትጠፋ ብሎ በፈቃዱ ይተወዋል። ስለዚህ ዙሩ የቅጣት ምልክት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ወዶ ሲገባበት ትርጉሙ ይለወጣል። መጋረጃው እዚህ ላይ መዘጋት ነበረበት እላለሁ፤ የዜንታ ሞት የሚጨምረው ዕዳ እንጂ ይቅርታ አይደለም።

በዚህ ፍርዴ አድልዎ እንዳለበት አልሸሽግም። ከአዲስ አበባ ስወጣ አንዲትን ሴት «ጠብቂኝ» ብያት ነበር። በየደብዳቤዬ የመኖሪያ ፈቃዴ ሊወጣ ነው እል ነበር፤ እርሷም አምና ጠበቀች። ነጻ ነሽ የሚለውን ደብዳቤ ሮተርዳም ውስጥ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩ፤ የሚጠብቀኝ ሰው አለ ማለትን እወደው ነበርና። ኦፔራውን አምስተርዳም ባየሁበት ምሽት ሰውየው መልሕቅ እንዲነሣ ሲያዝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በስምንተኛው ዓመት የጻፈችልኝ እርሷ ናት፤ አራት መስመር።