የወንበር ቅስትና ከኋላው ያለው ኑሮ
ስለ ሃይ ዊኮምብ ከተማ ታሪክ አጻጻፍ

በእንግሊዝ አገር ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ፤ በችልተርን ኮረብታዎች መካከል የምትገኘው ሃይ ዊኮምብ በ19ኛው መቶ ዓመት በወንበር ሥራ ስሟ የገነነ ከተማ ናት። ስለ እርስዋ የሚጻፉ ትረካዎች አዘውትረው ሁለት ነገሮችን ያስቀድማሉ። አንደኛው ቁጥር ነው፤ በ1870ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በቀን 4,700 ያህል ወንበር ይሠራ ነበር ይላሉ። ሁለተኛው በ1877 ንግሥት ቪክቶሪያ በከተማዋ ስታልፍ፤ ወንበር በወንበር ላይ ተደራርቦ በመንገድ የቆመላት ቅስት ነው። ይኸው ልማድ በ1962 ለዳግማዊት ኤልሳቤጥ ተደግሟል።

ቅስቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከሚያሳየው የሚሰውረው ይበልጣል። በእርሱ ላይ የሚታየው ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ እንጂ የሠራው እጅ አይደለምና።

የዊንድሰር ወንበር ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ እንደሚወጣው በርጩማ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። እግሮቹን ቦጀር የተባሉት ሠራተኞች በጫካው ውስጥ ተቀምጠው፤ ከእርጥብ የቢች እንጨት፤ በእግር በሚረገጥ ቶርኖ ያወጡ ነበር። ፋብሪካው እነዚህን ገዝቶ ከኤልም እንጨት ከተጠረበው መቀመጫ ጋር ያጋጥማቸዋል። ከራታን ልጥ የሚጎነጎነውን ሌላ ዓይነት መቀመጫ ግን ብዙውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች በየቤታቸው ይሠሩት ነበር፤ ክፍያቸውም በሠሩት ቁጥር ልክ ነበር። እንግዲህ 4,700 የሚለውን ቁጥር ለፋብሪካው ብቻ የሚሰጥ ጸሐፊ፤ ጫካውንና የቤቱን ምድጃ ከታሪክ ያወጣቸዋል።

ቅስቱ ጠብንም ይሰውራል። በ1913 መጨረሻ በደመወዝና በሠራተኞች ማኅበር ነገር ክርክር ተነሥቶ፤ አሠሪዎች የፋብሪካዎቻቸውን በር በሠራተኞቻቸው ላይ ዘጉ፤ ነገሩም እስከ 1914 መጀመሪያ ዘለቀ። ወንበሮቹን የደረደረውና ደጅ የተዘጋበት አንድ ሕዝብ መሆኑን የማይናገር ታሪክ ጎደሎ ነው።

በዚህ ረገድ የሕዝቡ አነጋገር ከጸሐፊዎቹ የተሻለ ይመስለናል። በ1887 በወንበር ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ወጣቶች ያቋቋሙት ዊኮምብ ወንደረርስ የተባለው የእግር ኳስ ቡድን፤ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ከተዘጉ በኋላም «የወንበር ልጆች» እየተባለ ይጠራል። ስሙ የሚያስታውሰው ዕቃውን ሳይሆን ሰዎቹን ነው።

ስለዚህ የባህል ጥናት ተማሪ ወንበር በፊቱ ሲቀርብ፤ ስንት ተሠራ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፤ ማን፣ የት ተቀምጦ፣ በስንት ዋጋ ሠራው ብሎ ይጠይቅ።