ንጉሡ፣ መነኩሴውና የአባት ዕቁባት፦ በዐምደ ጽዮን ዘመን ትረካዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314-1344 እ.ኤ.አ.) በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። በ1332 እ.ኤ.አ. ከይፋቱ ገዥ ከሰብረ ዲን ጋር ያደረገውን ጦርነት የሚተርከው ዜና መዋዕል ከሕመም አልጋው ተነሥቶ ለሃይማኖቱ የሚዋጋ የእግዚአብሔር ምርጥ ያደርገዋል። በደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት ገድላት፣ በተለይም በገድለ አኖሬዎስ፣ ይኸው ሰው የአባቱን ሚስት ያገባ፣ የገሠጸውንም መነኩሴ ያስገረፈ ነው።

የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ስለ ንጉሡ ጋብቻ ነቀፋ አያነሣም። ዝምታው ግን የቤት ክብር በአንባቢ ስሜት ላይ ያለውን ኃይል ካለማወቅ የመጣ አይመስለኝም። ሰብረ ዲን ሲፎክር በንጉሡ መናገሻ በመራዴ ጫት እተክላለሁ ማለቱን ይነግረናል፤ ንግሥት ዣን መንገሻንም ወፍጮ አስፈጫታለሁ ያሰኘዋል። ዛሬ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ እስከ ይፋት ቆላ፣ በኖራና በአስበሪ ፍርስራሻቸው የሚታየው ከተሞች ባለቤቶች ከዘይላ የሚመጣውን የንግድ መንገድ የያዙ ነበሩ፤ ጠቡም በአብዛኛው የዚሁ መንገድ ጠብ ነው። ጸሐፊው ግን ነገሩን የገበያና የቀረጥ ከማድረግ ይልቅ የሚስት ውርደት ቢያደርገው ሰሚው ይበልጥ እንደሚቆጣ ያውቃል። ነውር በእጁ ያለ መሣሪያ ነው፤ አፈሙዙን ወደ ውጭ አዞረው እንጂ።

ገድላቱ ወደ ውስጥ ያዞሩታል። ከተገረፈው መነኩሴ የፈሰሰው ደም እሳት ሆኖ የንጉሡን ሰፈር አቃጠለ የሚለው ታሪክ በጄምስ ብሩስ መጽሐፍ (1790 እ.ኤ.አ.) በኩል ወደ አውሮፓ ደርሷል። ብሩስ ሁለት እኅቶችን ይጨምርበታል፤ ድርጊቱንም በንግሥናው መጀመሪያ ያደርገዋል። ታደሰ ታምራት ደግሞ (1972 እ.ኤ.አ.) ግጭቱን ወደ ዘመኑ ማብቂያ፣ ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ ከግብፅ ከመጡ በኋላ ያስቀምጡታል። ይህ የዘመን ቆጠራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነውሩ ከይፋት ዘመቻ በፊት ከዋለ ድሉ የኃጢአተኛ መታደስ ይሆናል፤ ከዘመቻው በኋላ ከዋለ ደግሞ ድል ያሳበጠው ንጉሥ ታሪክ ነው። ተማሪዎቻችን ሁለቱን ሳይለዩ አንድ ላይ ሲጠቅሱ አያለሁ።

በእኔ አመለካከት የጠቡ ሥር መኝታ ቤት ብቻ አልነበረም። የነገሥታት ብዙ ጋብቻ ቤተ መንግሥቱን ከየአገሩ ባላባት የሚያስተሳስር ገመድ ስለነበር፣ አንድ ሚስት ያዝ ማለት የአገዛዙን ዘዴ መንካት ነው። በሰይፈ አርዕድ ዘመን (1344-1371 እ.ኤ.አ.) ጠቡ እንደገና የተነሣው፣ አቡነ ያዕቆብም ወደ ግብፅ የተመለሱት ከዚህ የተነሣ ይመስላል። የተሰደዱት መነኮሳት ግን በየደረሱበት ሰበኩ። ስለ ነውሩ የምናነበውም በአብዛኛው ከእነዚሁ ስደተኞች ወገን ብዕር ነው፤ ከሳሹም ተራኪውም አንድ ቤት ናቸው።

ብሩስ ሴቲቱን የአባቱ ዕቁባት ከማለት በቀር ስም አይሰጣትም። ፈቅዳ ይሁን ተገዳ ማንም አይጠይቅም።