የዛሬ ምሳ የሚሠራው ትናንት ነው

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ፣ ከቦሌ ሚካኤል እስከ ገርጂ፣ የምሳ ሰዓት አንድ አይደለም። የቢሮ ሠራተኛው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። ሻንጣ ጫኙ፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛው ፈረቃው ሲለቀው ይመጣል። ልጁን ወደ ዓረብ አገር የሚሸኝ ቤተሰብ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ደርሶ አንድ ትሪ ከብቦ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ከሰዓቱ ላይ አይነሳም። ሁሉም የቸኮለ ነው፤ ሁሉም ግን በቤት ወጥ ጣዕም መብላት ይፈልጋል። በሰፈር ምሳ ቤት ድስት ጥጄ በኖርኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ለቸኮለ ሰው የሚደርስለት ቀስ ተብሎ የተሠራ ምግብ ብቻ መሆኑን ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ይህ ቁጥር ለአብራሪው ብቻ ሳይሆን ለወጥ ሠሪም ቁም ነገር ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን ብናበዛው ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ድሬዳዋ ላይ ከሚፈጅባቸው ጊዜ በላይ አዲስ አበባ ላይ ይፈጅባቸዋል። ማታ ያልተዘፈዘፈ ጥራጥሬ በማግስቱ ለምሳ አይደርስም፤ ቢደርስም ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል።

ሽሮን የማከብረው ለዚህ ነው። እህሉ አስቀድሞ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው ይነፋል። ከዚያ ከበርበሬው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከኮረሪማው ጋር ተሰናድቶ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ደንበኛው «አንድ ተጋቢኖ» ብሎ ሲያዝ ዋናው ድካም ካለቀ ሰንብቷል። የሚቀረው ቁሌቱን በሸክላው ድስት አሙቆ፣ ውሃውን አፍልቶ፣ ዱቄቱን እየበተኑ ማማሰል ነው። እዚህ ላይ ግን መቸኮል አይቻልም። ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ እስኪለቅና ቅባቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ መታገሥ ያስፈልጋል። ጥሬነቱን በዘይት ብዛት መሸፈን ይቻላል፤ የበላው ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ ሆዱ ሲነፋ ያውቀዋል።

ቁሌትም እንደዚሁ ነው። ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት ውሃውን እስኪጨርስ በራሱ ይቁላላል፤ ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በርበሬው ሲጨመር ጠብታ ጠብታ ውሃ እያገኘ መብሰል አለበት፤ ካረረ ይመራል፣ ከቸኮለ ጉሮሮ ይይዛል። በሰፈር ምሳ ቤት ይህ ሥራ ገና በጠዋት፣ ቁርስ ተመጋቢው ሳይነሳ ይጀመራል። በያይነቱው ላይ ከምስሩ፣ ከክክ አልጫው፣ ከጎመኑና ከቀይ ሥሩ ጋር ሲቀርብ የደቂቃ ሥራ ይመስላል።

ከሁሉ የሚቀድመው እንጀራው ነው። ሊጡ ከእርሾው ጋር ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ከዚያ ጥቂቱ ተቀንሶ በውሃ ይፈላና አብሲት ሆኖ ይመለስበታል፤ ዓይን የሚያወጣውና ልስላሴውን የሚሰጠው እሱ ነው። ጤፍ በመወደዱ ሩዝ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ የሚቀላቅል ቤት ብዙ ነው። መቀላቀሉ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። ንጹሕ ጤፍ ነው ተብሎ የሚከፍል ሰው ንጹሕ ጤፍ ሊቀርብለት ይገባል።

የእኛን ሥራ የሚመስል ስፈልግ ሐሳቤ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ያርፋል። እሷም ከ2,200 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በየሰፈሯ ፎንዳ የሚባሉ ትንንሽ ምሳ ቤቶች አሉ፤ በአንድ ቁርጥ ዋጋ ሾርባ፣ ሩዝ፣ የዕለቱ ወጥና ቶርቲላ የሚባል የበቆሎ ቂጣ ያቀርባሉ። በቀድሞው ወግ የቶርቲላው በቆሎ በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያድርና ሲነጋ ታጥቦ ይፈጫል። ኖራው ልጣጩን ያላቅቃል፣ ሊጡን ያያይዛል፣ በቆሎው አጥብቆ የያዘውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚንም ለሰውነት ያስለቅቃል። በርበሬም፣ በቆሎም፣ አቮካዶም ወደ እኛ የደረሱት ከዚያ የዓለም ክፍል ተነሥተው ነው። የፋሺስት ጣልያንን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አላት፤ በሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። የመንግሥታቱን ወዳጅነት አደባባዩና ጣቢያው ይመሰክራሉ። የእኛና የፎንዳ ወጥ ሠሪዎች ዝምድና ደግሞ በሚያድረው ሊጥና በሚያድረው በቆሎ ነው፤ ሁለታችንም የነገን እንግዳ ዛሬ ማታ እናስተናግዳለን።

የጾም ወራት ይህን ዕውቀት ይፈትነዋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ብዙ ነው። ቅዳሴ አስቀድሶ የሚመጣው ምእመንና ቀድሞ የሚበላው ሠራተኛ አንድ ዓይነት ምግብ ይገባቸዋል። ለ6 ሰዓት የበሰለ ጎመን 9 ሰዓት ላይ ይጠወልጋል፤ ምስሩም ይጠጥራል። ስለዚህ ጎመኑን ሁለት ጊዜ ከፍሎ ማብሰል፣ ምስሩን ትንሽ አቅጥኖ ማውጣት፣ እንጀራውን አየር እንዳያገኘው መሸፈን የሙያው ግዴታ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው የተረፈ ምግብ አይደለም የሚገባው፤ ከጾም የሚወጣበት ማዕድ ነውና ከሌላው ይልቅ ሊከበር ይገባል።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ሥራ ምስጋናው የሚሄደው ሳህኑን ላቀረበው ነው። እንጀራ የምትጋግረዋ፣ ሽንኩርት የምትከትፈዋ፣ ሽሮ የምትለቅመዋ ሴት በደንበኛው ዓይን የለችም፤ በደመወዙ መዝገብም ብዙ ጊዜ ከታች ናት። ምሳ ቤት የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የእሷን ክፍያ ያስተካክል እላለሁ፤ የቤቱ ጣዕም በእጇ ነውና። «እትዬ፣ ሙያ ያስተምሩኝ» ብለው የሚመጡ ወጣቶችም ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው ግርግሩን ማየት ይወዳሉ። እኔ ግን ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻው ደንበኛ ሂሳቡን ከፍሎ ሲወጣ እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ስለሆነ።