«ዲል ኦር ኖ ዲል»፦ ሻንጣው ድፍረትን አያውቅም

በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤንቢሲ የጀመረው «ዲል ኦር ኖ ዲል» ዕውቀት የሚጠይቅ ውድድር አይደለም። 26 የተዘጉ ሻንጣዎች አሉ፤ ከ1 ሳንቲም እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይዘዋል። ተጫዋቹ አንዱን ለራሱ ያስቀምጥና ሌሎቹን ያስከፍታል። በየመሀሉ «ባንከሩ» እየደወለ ሻንጣውን ሊገዛው ዋጋ ይሰጣል።

ታዲያ ምኑ ነው የሚስበው? እኛም ቤታችን ቁጭ ብለን «ሽጥ! አትሽጥ!» እያልን አብረን እንወስናለን። የቀሩት ቁጥሮችም ሰሌዳው ላይ በግልጽ ይታያሉ። ይሄ የጨዋታው ጥንካሬ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። የ26ቱ አማካይ 131,477 ዶላር ገደማ ነው። ደስ ይላል አይደል? ግን እኮ ግማሾቹ ሻንጣዎች የያዙት 750 ዶላርና ከዚያ በታች ነው! አማካዩን ወደ ላይ የሰቀሉት ጥቂት ትልልቅ ቁጥሮች ናቸው። እስከ መጨረሻው «አልሸጥም» ያለ ሰው ሚሊዮኑን የማግኘት ዕድሉ ከ26 አንድ ነው፤ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ትችቴ እዚህ ላይ ነው። ባንከሩ መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው ዋጋ ከአማካዩ በጣም ስለሚያንስ ያኔ እምቢ ማለት ሞኝነት አይደለም። በኋላ ግን ሙዚቃውና የቤተሰቡ ጩኸት እምቢታን ሁሉ ጀግንነት ያስመስሉታል። በ2008 «አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ትልልቅ ቁጥሮች ያመለጧቸው ተጫዋቾች ይብሱኑ ይደፍራሉ። ሻንጣው ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ጨዋታው ሳይጀመር የተቀመጠ ነው፤ ድፍረት አይለውጠውም።

በሚቀጥለው ስታዩት ድምፁን አጥፉና የቀሩትን ቁጥሮች አማካይ አስሉ። ከዚያ ከባንከሩ ዋጋ ጋር አወዳድሩት።