ከፓምፑ በፊት አየሩ

በቱርቦ ሞተር ላይ ኃይል ለመጨመር የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚነካው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየርና የሚረጨውን ነዳጅ ሚዛን። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ የናፍጣውም ስሌት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። ቤንዚን ሞተር ሚዛኑን ጠብቆ የሚሄድ ሲሆን፣ ናፍጣ ሞተር ሁልጊዜ በትርፍ አየር ይሠራል። ሥራ ፈትቶ ሲዞር አየሩ ከነዳጁ ከ50 እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በሙሉ ጭነት ወደ 18 እጥፍ ሲጠጋ ጭሱ ይጠቁራል። አደጋቸውም ተቃራኒ ነው። በቱርቦ የሚገፋ ቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲያንሰው ፒስተን ያቀልጣል፤ ናፍጣው የሚግለው ግን ነዳጅ ሲበዛበት ነው። የአንዱን ልማድ ወደ ሌላው የሚያመጣ መካኒክ ገና ሳይጀምር ይሳሳታል።

በሜጋ በኩል የሚያልፈው የሞያሌ መንገድ ይህን ሚዛን በደንብ ይፈትናል። ሞያሌ ከባሕር ጠለል 1100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሜጋ ከቆላው ብድግ ባለ ተራራማ ቦታ ላይ ተቀምጣለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ሞያሌ ላይ 0.89 ባር ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ሲደረስ ወደ 0.76 ይወርዳል። የቱርቦው ጌጅ በሁለቱም ከተሞች 0.7 ባር ቢያሳይ ሾፌሩ ምንም እንዳልተለወጠ ያስባል። ጌጁ የሚለካው ግን ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ሲደመር ሞያሌ ላይ 1.59፣ አዲስ አበባ ላይ 1.46 ባር ይሆናል፤ ሞተሩ ከሚያገኘው አየር 8 በመቶ ያህሉ ጎድሏል። ከፍታ ማካካሻ የሌለው ፓምፕ ይህን አያውቅም፤ ያንኑ ናፍጣ ይረጫል። ስለዚህ ሞያሌ ላይ ሳያጨስ የተነሳ፣ የቦረና ሰንጋ ጭኖ ወደ አዳማ የሚወጣ መኪና መሀል መንገድ ላይ መጥቆር ቢጀምር የግድ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የቶዮታ ላንድክሩዘር ዋን ኤችዜድ ሞተር ነው። 4.2 ሊትር ያለው ይህ ናፍጣ ሞተር ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የለውም። ጠንካራና ታጋሽ በመሆኑ ባለቤቶች ኋላ ላይ ቱርቦ ይገጥሙለታል። ከሱ ጋር በአንድ ዘመን የወጣው ዋን ኤችዲቲ ግን ለቱርቦ ተብሎ የተሠራ ነው። ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ይረጫል፤ የመጭመቂያ ሬሾውም 18.6 ነው። ዋን ኤችዜድ በቅድመ ማቃጠያ ክፍል ይሠራል፤ ሬሾው 22.4 ይደርሳል፤ ሙቀት ሲበዛበት ቴስታታው በእነዚያ ክፍሎች ዙሪያ ይሰነጠቃል። ቱርቦ ራሱ አይገድለውም። የሚገድለው ከቱርቦው በኋላ «ጉልበት ይጨምር» እየተባለ የሚከፈተው ናፍጣ ነው።

ፓምፑ ላይ ሁለት የተለያዩ ማስተካከያዎች መኖራቸው ብዙ ግራ ያጋባል። ከፓምፑ ጀርባ ያለው ቡሎን የአጠቃላዩን ናፍጣ ጣሪያ ይወስናል። ለቱርቦ በተሠራ ፓምፕ አናት ላይ ደግሞ በቱርቦው ግፊት የሚወርድ ሽፋን አለ፤ አየሩ ሲጨምር ብቻ ናፍጣ ይለቃል። ይህ የሌለው ፓምፕ በቱርቦ ሞተር ላይ ሲቀር ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ መነሻ ላይ ማጨስ፣ ወይ ላይኛው ፍጥነት ላይ ጉልበት ማጣት።

ምርመራው የሚጀምረው ጭሱ መቼ እንደሚወጣ በማየት ነው። ሲነሳ ብልጭ ብሎ ቱርቦው ሲይዝ የሚጠፋ ጭስ የሽፋኑን ማስተካከያ ይጠቁማል። ዳገት ላይ፣ በሙሉ ጭነት ሳያቋርጥ የሚጠቁር ግን አየር መጉደሉን ይናገራል፤ አብዛኛው ጋራዥ ፓምፑን የሚወነጅለውም እዚህ ላይ ነው። ቡሎኑን መዝጋት ጭሱን ስለሚያጠፋ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ የተዘጋው ፊልትሮ ግን እንደተዘጋ ይቀራል። ከዋናው አስፋልት ወጣ ባለ የቦረና መንገድ የአየር ፊልትሮ የሚቆይበት ጊዜ በመመሪያው ከተጻፈው በእጅጉ ያጥራል። በኮምፕሬሰር ተነፍቶ የተመለሰ አሮጌ ወረቀት ደግሞ ወይ አየር ይከለክላል፣ ወይ ተቀዶ አቧራውን ወደ ቱርቦው ምላጭ ያሳልፋል።

ከፊልትሮው ቀጥሎ ከቱርቦ እስከ ማኒፎልድ ያለው ቱቦ ይታያል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ የቱርቦው አፍ ተደፍኖ ከ1 ባር ያልበለጠ አየር ይገባል፤ የሳሙና ውኃ ይቀባል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር፣ ግፊቱ እስከተገደበ ድረስ፣ ለዚህ ይበቃል። አረፋ የሚያወጣ መጋጠሚያ ሞተሩን አየር እየነጠቀው ነው። በጭስ ማውጫው በኩል ከቱርቦው በፊት ያለ ስንጥቅም ቱርቦውን የሚያዞረውን ጉልበት ስለሚቀንስ በዙሪያው ጥላሸት መኖሩ ይፈተሻል። አንድ ሲሊንደር ብቻውን የሚያንኳኳ ከሆነ ኖዝሉ ያንጠባጥብ እንደሆነ ይታያል። ነጭና ሰማያዊ ጭስ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ናቸው፤ የመጀመሪያው ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውኃ፣ ሁለተኛው ዘይት ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ፓምፑ ይነካል፤ ያውም ከቱርቦው በፊት የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ ተገጥሞ። ረጅም ዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየት ለብዙ ናፍጣ ሞተሮች የተለመደ ወሰን ነው፤ ለዋን ኤችዜድ ከዚያም ዝቅ ቢል ይመረጣል። ዓይን የማያየውን ይህ ጌጅ ያያል፤ ጭሱ ገና ሳይጠቁር ሙቀቱ ሊያልፍ ይችላልና። የቆላው ሙቀትም ይታሰብ፦ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ኢንተርኩለር የሌለው ገጠማ እዚህ ላይ ይጎዳል።

በቤንዚን መኪና የአየርና የነዳጁ ሚዛን መለኪያ የኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ እሱም የሚታለልበት መንገድ አለ። ካንዴላው ሳይለኩስ ሲቀር ያልተቃጠለው ኦክስጅን ወደ ጭስ ማውጫው ያልፋል፤ ሴንሰሩ «ነዳጅ አነሰ» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። አየር መለኪያ ባለው መኪና፣ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለው ቱቦ ሲያፈስ ምልክቱ ይገለባበጣል። ሥራ ፈትቶ ሲዞር ያልተለካ አየር ስቦ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ቱርቦው ሲገፋ ደግሞ የተለካው አየር ስለሚወጣ ነዳጅ ይበዛበታል። ሥራ ፈትቶ ደህና ሆኖ በሙሉ ጭነት ብቻ ነዳጅ የሚያንሰው ከሆነ የነዳጁ ግፊት ይለካ። መነሻው 3 ባር የሆነና ከማኒፎልዱ ግፊት ጋር አብሮ የሚጨምር መስመር፣ ቱርቦው 1 ባር ሲገፋ 4 ባር መድረስ አለበት። ካልደረሰ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም በጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ቆሻሻ ፊልትሮውን ይዟል፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስም መኪናው በሙሉ ጋዝ አይነዳም።